የምናጣቸው የትኛው በር ላይ ነው? የተማሪዎችን ቆይታ ከዘርና ከብሔረሰብ መረጃ ጋር ለመከታተል የሚረዳ መመሪያ

አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን የምረቃ መጠን በዘርና በብሔረሰብ ከፋፍሎ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የግዴታው መነሻ በ1990 የወጣው የተማሪዎች የማወቅ መብት ሕግ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ቁጥሩ የሚሰበሰበው አይፔድስ በሚባለው የፌዴራል መንግሥት የከፍተኛ ትምህርት መረጃ ሥርዓት በኩል ነው። ሆኖም ምረቃ የሚለካው ለዲግሪው በተመደበው ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም ለአራት ዓመት ዲግሪ በስድስት ዓመት ውስጥ ነው። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ዓመት ስንት ተማሪ ተሻገረ የሚለው፣ ቆይታ የምንለው ቁጥር ደግሞ ለአይፔድስ የሚላከው በሙሉ ጊዜና በከፊል ጊዜ ተማሪነት እንጂ በዘር ተከፋፍሎ አይደለም። ስለዚህ ከአንድ ወገን የመጡ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ከሌሎቹ በበለጠ እያቋረጡ ቢሆን፣ ሕጉ ያዘዘውን ብቻ የሚሠራ ዩኒቨርሲቲ ችግሩን በሪፖርቱ ላይ የሚያየው ልጆቹ ከሄዱ ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቁጥሩ ለታሪክ ይጠቅም ይሆናል፤ ለልጆቹ ግን ምንም አይፈይድም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በሬጅስትራር፣ በተማሪዎች አማካሪነት ወይም በመረጃ ትንተና ክፍል ለሚሠሩ፣ እንዲሁም የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ቁጥሩን እንዴት እንደሚያወጣ መጠየቅ ለሚፈልጉ የማኅበረሰብ አባላት ነው። መነሻ ሐሳቡ አንድ ነው። የዘርና የብሔረሰብ መረጃ መሰብሰብ ተገቢ የሚሆነው ተቋሙ ተማሪዎቹን የሚያጣበትን በር ለይቶ ለማሳየትና በሩን ለማስተካከል ሲያገለግል ብቻ ነው። የተማሪውን ድክመት ለመተንበይ ወይም ሪፖርት ለማሳመር ከዋለ ግን ባይሰበሰብ ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህንኑ ልዩነት ለመጠበቅ የተቀመጡ ናቸው።

አንደኛ፦ ባቹን ይቆልፉ

ማንኛውም የቆይታ ቁጥር ላዕልና ታህት አለው፤ ክርክር የሚነሳውም ብዙውን ጊዜ በታህቱ ላይ ነው። በመጀመሪያ በአንድ ፎል ሴሚስተር የገቡትን አዲስ ተማሪዎች፣ ማለትም የባቹን ስም ዝርዝር፣ ዩኒቨርሲቲው ይፋ ተማሪ ቆጠራ በሚያደርግበት ቀን እንዳለ ወስደው በማይለወጥ ፋይል ያስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ላይ ሰው አይጨመርም፤ አይቀነስምም። በፌዴራሉ ደንብ ከባቹ የሚወጡት በሞት የተለዩ፣ በቋሚ የአካል ጉዳት ትምህርታቸውን ያቆሙ፣ ወደ ጦር ሠራዊት ወይም መንግሥት ወደሚያካሂደው የውጭ አገር የዕርዳታ አገልግሎት የሄዱ፣ እንዲሁም በቤተ ክርስቲያናቸው ለይፋ የስብከት ተልእኮ የተላኩ ብቻ ናቸው። «ይህ ተማሪ ከመጀመሪያውም ትምህርቱን ከልቡ አልያዘውም ነበር» የሚል ሰበብ በደንቡ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በእርስዎም ሰንጠረዥ ውስጥ ሊኖረው አይገባም።

ዝርዝሩ የሚቆለፍበት ቀን ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ለመረዳት በሜሪላንድ ማውንት ሴንት ሜሪስ ዩኒቨርሲቲ በ2016 መጀመሪያ የተነሳውን ውዝግብ ማስታወስ ይበቃል። የተማሪዎቹ ጋዜጣ እንዳጋለጠው፣ አስተዳደሩ አዲስ ተማሪዎች የሚሞሉትን መጠይቅ ተጠቅሞ ሊያቋርጡ የሚችሉትን ለመለየትና ከቆጠራው ቀን በፊት እንዲወጡ ለማግባባት አቅዶ ነበር፤ ቀድመው የወጡ ተማሪዎች በታህቱ ውስጥ ስለማይገቡ የቆይታው መጠን ከፍ ይላል። ነገሩ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ፕሬዚዳንቱ ሥራቸውን ለቀቁ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት የአንድ ሰው ጥፋት ታሪክ ብቻ አይደለም። የቆይታ መጠን በራሱ ግብ ሲሆን፣ ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ ቀላሉ መንገድ ደካማ የሚመስሉትን በጊዜ ማሰናበት ይሆናል። ስለዚህ ከቆጠራው ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት የወጡትንም ለብቻ ይመዝግቡ። የእነሱ ቁጥር ከዓመት ዓመት ካደገ፣ ወይም በአንድ ወገን ተማሪዎች ላይ ከበዛ፣ የቆይታው መጠን መሻሻል የሚያስደስት ዜና ላይሆን ይችላል።

አይፔድስ በዋናነት የሚከታተለው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገቡ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎችን ነው። ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተዛውረው የሚመጡና እየሠሩ በከፊል ጊዜ የሚማሩ ተማሪዎች ከዚህ ባች ውጪ ናቸው። ከሀገራችን ከኢትዮጵያ ሰዎች መካከል በማታ እየሠሩ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምረው ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገሩት ብዙ በመሆናቸው፣ ለእነዚህ ተማሪዎች የተለየ ባች ያዘጋጁ። የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ ክፍተቱን አይቶ፣ የከፊል ጊዜና የተዛወሩ ተማሪዎችን እስከ ስምንት ዓመት የሚከታተል ተጨማሪ ቅጽ ከ2015 እስከ 2016 ባለው የትምህርት ዘመን ጀምሯል። ባቹ አንድ ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ የምንጠፋው እኛ ነን።

ሁለተኛ፦ ማንነትን ተማሪው ራሱ ይናገር፤ መልሱም ሳይነካ ይቀመጥ

አንድ ተማሪ ማን እንደሆነ የሚናገረው ራሱ ነው። ስሙን ወይም መልኩን አይቶ የሚሞላለት ሠራተኛ መኖር የለበትም። ጥያቄው በፈቃደኝነት የሚመለስ፣ «መመለስ አልፈልግም» የሚል ምርጫ ያለው፣ ተማሪው በፈለገ ጊዜ ሊያርመው የሚችል ይሁን። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጥሬውን መልስ፣ ተማሪው ምልክት ያደረገባቸውን ሳጥኖች በሙሉና በእጁ የጻፈውን ቃል፣ እንደነበረ ያስቀምጡ። ለሪፖርት የሚሆነውን ምድብ ከዚያ ላይ ማውጣት ይቻላል፤ ምድቡ ብቻ ተቀምጦ ጥሬው መልስ ከተጣለ ግን የጠፋው ተመልሶ አይገኝም።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት አንድ መዝገብ ከቅርብ እንመልከት። አባቷ ከጎንደር፣ እናቷ ከኤል ሳልቫዶር የሆኑ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የተወለደች ተማሪ ሁለት ጥያቄ ያለውን የቆየውን ቅጽ ስትሞላ «ሂስፓኒክ» እና «ጥቁር» የሚሉትን ሁለቱንም ትመርጣለች። ሪፖርቱ ሲወጣ ግን ሂስፓኒክ የሚለው ስለሚቀድም፣ በጥቁርነት አትቆጠርም። አባቷ ጥቁር፣ እናቷ ነጭ ብትሆን ደግሞ «ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ዘር» በሚለው ረድፍ ትገባ ነበር። በኤፍ ዋን ቪዛ ከአዲስ አበባ የመጣ ተማሪ ምንም ሳጥን ቢመርጥ የሚቆጠረው «ነዋሪ ያልሆነ» ተብሎ ነው፤ ግሪን ካርድ ያለው ወይም በስደተኝነት ተቀባይነት ያገኘው የአጎቱ ልጅ ግን በዘሩ ይቆጠራል። እንግዲህ በአንድ ማዕድ የሚቀርቡ ዘመዳሞች በአንድ ሰንጠረዥ በሦስት የተለያዩ ረድፎች ይበተናሉ። ለፌዴራሉ ሪፖርት ይህን ደንብ መከተል ግዴታ ነው፤ ለራስዎ ጥናት ግን እያንዳንዱን ተማሪ በመረጣቸው ሳጥኖች ሁሉ መቁጠር ይችላሉ። የረድፎቹ ድምር ከጠቅላላው እንደሚበልጥ በሰንጠረዡ ሥር ጽፈው ካስታወቁ ስሕተት አይደለም።

በመጋቢት ወር 2024 የአሜሪካ መንግሥት የዘርና የብሔረሰብ መረጃ መለኪያውን አሻሽሏል። ሁለቱ ጥያቄዎች ወደ አንድ ተጠቃለው፣ መካከለኛው ምሥራቅና ሰሜን አፍሪካ የሚል አዲስ ምድብ ተጨምሮ ምድቦቹ ሰባት ሆነዋል፤ ሰው ከአንድ በላይ መምረጥ ይችላል። ለእኛ ደግሞ የተለየ ትርጉም ያለው ለውጥ አለ። ከምድቦቹ ሥር ያሉትን ቡድኖች በሚጠይቀው ዝርዝር ቅጽ ውስጥ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» ከሚለው ሥር ከጃማይካዊ፣ ከሄይቲያዊ፣ ከናይጄሪያዊና ከሶማሌ ጋር «ኢትዮጵያዊ» የሚል የራሱ ሳጥን አለ። ኤርትራዊና ሌሎች በባዶው ቦታ ራሳቸው ይጽፋሉ። ዩኒቨርሲቲዎ ቅጹን ገና ካልቀየረ ዝርዝሩን ቅጽ እንዲጠቀም አሁኑኑ ሐሳብ ያቅርቡ። አምስት ትውልድ በጆርጂያ የኖረ ቤተሰብ ልጅና በስደተኛ ካምፕ አድጋ በአሥራ ስድስት ዓመቷ አትላንታ የገባች ልጅ፣ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ ሁለቱም እኩል ጥረት ይገባቸዋል። ነገር ግን አንዱን ያስወጣው በር ሌላዋን ካስወጣው በር ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ አንድ ሳጥን ብቻ ካለ ደግሞ ይህን ማወቂያ መንገድ አይኖርም።

እዚህ ላይ ከኢትዮጵያ የመጣ አንባቢ ከባድ ተቃውሞ እንደሚያነሳ አውቃለሁ። ብሔር በቀበሌ መታወቂያ ላይ ሲጻፍ ያየ፣ በዚያም የተነሳ ሰው ሲመረጥና ሲገለል የሰማ ሰው፣ ብሔረሰብ የሚጠይቅ ቅጽ ሲቀርብለት ቢጠራጠር ተገቢ ነው። ይህን ፍርሃት ማቃለል አይገባም። ግን ሁለቱን ነገሮች መለየት ያስፈልጋል። መታወቂያው ላይ ያለው ቃል ከሰውየው ጋር ይዞራል፤ በየኬላው፣ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ፣ ስለ እሱ የሚወስነው ሰው ፊት ይቀርባል። ትክክለኛ የቆይታ ጥናት የሚሠራው በተቃራኒው ነው። ማንነቱ በተማሪው ፈቃድ ይሰጣል፤ ስለ ተማሪው ከሚወስኑት ሰዎች ዓይን ይሰወራል፤ የሚወጣውም በድምር ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲዎ ይህን ሁኔታ ማረጋገጥ ካልቻለ የአንባቢው ጥርጣሬ ትክክል ነው፤ መጠይቁም መቅረት አለበት። ማረጋገጥ ከቻለ ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትምና፣ አለመቁጠር ጉዳቱን ከመደበቅ በቀር የሚከላከለው ነገር የለም።

ሦስተኛ፦ መቶኛውን ወደ ሰው ይመልሱ

ለምሳሌ ያህል አንድ ሺህ ተማሪዎች ያሉት ባች እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት የተዘጋጁ ናቸው። ከአንድ ሺው 820 በቀጣዩ ፎል ተመለሱ፤ ቆይታው 82 በመቶ ነው። ብዙ ሪፖርት እዚህ ላይ ያበቃል። ሲከፋፈል ግን ከ500 ነጭ ተማሪዎች 425 ተመልሰዋል፤ 85 በመቶ። ከ200 ጥቁር ተማሪዎች 152፤ 76 በመቶ። ከ180 ሂስፓኒክ ተማሪዎች 144፤ 80 በመቶ። ከቀሩት 120 ደግሞ 99። በጥቁርና በነጭ ተማሪዎች መካከል የዘጠኝ መቶኛ ነጥብ ልዩነት አለ። ዘጠኝ ነጥብ ሲባል የማይጨበጥ፣ የታሪክና የኅብረተሰብ ጉዳይ ብቻ የሆነ ይመስላል። አሁን ወደ ሰው ይለውጡት። ጥቁር ተማሪዎች 85 በመቶ ቢመለሱ ኖሮ 170 ይሆኑ ነበር፤ ልዩነቱ 18 ተማሪ ነው። 18 ሰው ግን ስማቸው የሚታወቅ፣ መዝገባቸው አንድ በአንድ ሊታይ የሚችል፣ በአንድ አማካሪ ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ስብሰባ ላይ «ይህ ከአቅማችን በላይ ነው» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

የቡድኖቹ ቁጥር ሲያንስ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ከ200ዎቹ ውስጥ 22ቱ ኢትዮጵያውያን ቢሆኑና ሦስቱ ባይመለሱ ቆይታቸው 86 በመቶ ይሆናል፤ ግን አንድ ተማሪ ብቻውን ከአራት ነጥብ በላይ ያወርደዋል ወይም ያወጣዋል። በእንዲህ ዓይነት ቁጥር ላይ ተመሥርቶ «ኢትዮጵያውያን ጎበዞች ናቸው» ወይም «እየወደቁ ነው» ማለት መረጃን አላግባብ መጠቀም ነው። ሦስት ወይም አራት ባቾችን አንድ ላይ ይደምሩ፤ የአንድ ዓመት ለውጥ አይተው አይደንግጡ፤ ቁጥሩን ከመቶኛው ጎን ሁልጊዜ ይጻፉ።

አራተኛ፦ በሮቹን አንድ በአንድ ይፈትሹ

ተማሪ በአንድ ቀን አይጠፋም። ባቹን በሚከተሉት በሮች ላይ ቆመው ይቁጠሩት፦ ተቀብለነው ሳይመዘገብ የቀረ፤ ከቆጠራው ቀን በፊት የወጣ፤ ፎልን ጨርሶ ለስፕሪንግ ያልተመለሰ፤ በስፕሪንግ መጨረሻ ለቀጣዩ ፎል ያልተመዘገበ፤ ተመዝግቦ ክፍያ ባለመፈጸሙ የተሰረዘ። በእያንዳንዱ በር ላይ በየቡድኑ ስንት ሰው እንደጠፋ ሲጻፍ፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ይመስል የነበረው «ማቋረጥ» የተለያዩ መንስኤዎች ድምር እንደሆነ ይታያል። ከምሳሌያችን 48 ያልተመለሱ ጥቁር ተማሪዎች ውስጥ 14ቱ ከፎል በኋላ፣ 34ቱ ከስፕሪንግ በኋላ ሄደው፣ ከ34ቱ ደግሞ 15ቱ ጂፒኤያቸው ከ2.0 በላይ ሆኖ ሒሳብ ስላለባቸው ምዝገባቸው ተይዞ ከተገኘ፣ ጥያቄው ከችሎታ ጉዳይ ወጥቶ የገንዘብ ክፍል አሠራር ጥያቄ ሆኗል ማለት ነው።

ከበሮቹ ጋር የሚታይ ሌላ ሰንጠረዥ የመግቢያ ኮርሶች ውጤት ነው። በየኮርሱ ዲ፣ ኤፍ ወይም ደብሊው ያገኙትን ተማሪዎች ድርሻ በየቡድኑ ያስሉ። በኮሌጅ አልጀብራ ወይም በመጀመሪያው ኬሚስትሪ ላይ ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ፣ በአንድ መምህር ክፍል ሰፍቶ በሌላው ከጠበበ፣ ምክንያቱን በተማሪዎቹ ዝግጅት ብቻ ማሳበብ አይቻልም፤ ተማሪዎቹ ከአንድ ባች ናቸውና።

እዚህ ላይ «ይህ ሁሉ የገቢ ጉዳይ ነው፤ ዘርን ምን አመጣው?» የሚል ክርክር ይነሳል። ክርክሩ በከፊል እውነት ስላለው መፈተሽ አለበት እንጂ መጣል የለበትም። መፈተሻው ቀላል ነው። ባቹን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጠውን ፔል ግራንት በሚያገኙና በማያገኙ ይክፈሉት፤ ከዚያ በየክፍሉ ውስጥ በዘር ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ከጠፋ ችግሩ በአብዛኛው የገንዘብ ነው፤ መፍትሔውም እንደዚያው። ፔል በሚያገኙት መካከልም ልዩነቱ ከቀጠለ ግን ገቢ ብቻውን አይገልጸውም፤ የኮርስ ምደባን፣ አማካሪ የማግኘት ዕድልን፣ በመኖሪያና በክፍል ውስጥ ያለውን አያያዝ መመርመር ያስፈልጋል። ሁለቱን ሰንጠረዦች ጎን ለጎን ያላስቀመጠ ሰው ክርክሩን በእምነት እንጂ በማስረጃ አላሸነፈም። በተጨማሪም የፔል ቅጽ የመሙላቱ ጉዳይ ራሱ አንድ በር መሆኑን አይርሱ፤ የቤተሰቡን የግብር ሰነድ ማዘጋጀት የከበደው የስደተኛ ልጅ ድሃ ሆኖ ሳለ ፔል ከማያገኙት ጋር ይቆጠራል።

አምስተኛ፦ የሄዱት የት እንደደረሱ ይጠይቁ

ከእርስዎ ዩኒቨርሲቲ መውጣት ከትምህርት መውጣት ማለት አይደለም። ወደ ርካሽ ትምህርት ቤት፣ ወደ ቤተሰቡ ቅርብ፣ ወይም ወደሚፈልገው የነርሲንግ ፕሮግራም የተዛወረ ተማሪ አልወደቀም። ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሃውስ የተባለው ድርጅት የአብዛኞቹን የአሜሪካ ኮሌጆች የምዝገባ መረጃ ስለሚሰበስብ፣ የሄዱ ተማሪዎችዎን ዝርዝር ልከው ሌላ ቦታ መመዝገባቸውን ማወቅ ይችላሉ። በእያንዳንዱ ቡድን የተዛወሩትንና ከትምህርት ዓለም ጨርሰው የወጡትን ለይተው ይጻፉ። የሁለት ቡድኖች የማቋረጥ መጠን እኩል ሆኖ የአንዱ ተማሪዎች ወደ ተሻለ ቦታ ሲዛወሩ የሌላው ዕዳ ተሸክመው ቤታቸው ቢቀሩ፣ በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ላይ የታየው እኩልነት ሐሰተኛ ነው።

ስድስተኛ፦ መረጃውን ከማይገባው እጅ ይጠብቁ

የተማሪ መዝገብ በ1974 በወጣው ፈርፓ በሚባለው ሕግ የተጠበቀ ነው። ሕጉን ማክበር ግን መነሻ ነው። የማንነቱን መልስ የሚያይ ሰው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይወሰን፤ አስተማሪዎችና የገንዘብ ክፍል ሠራተኞች የግለሰቡን መልስ የሚያዩበት ምክንያት የለም። ለሕዝብ በሚወጣ ሰንጠረዥ ከአሥር በታች የሆነ ቁጥር አይታተም፤ ብዙ ተቋማት የሚከተሉት ልማድ ነው። አንድ ሳጥን ብቻ ሸፍኖ ድምሩን መተው ግን መሸፈን አይደለም፤ አንባቢው ቀንሶ ያገኘዋል። ስለዚህ ከተሸፈነው ጋር ሁለተኛ ሳጥን ይሸፍኑ ወይም ረድፎቹን ያዋሕዱ። በአንድ ትንሽ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አራት ኢትዮጵያውያን ብቻ ካሉ «ከአራቱ ሁለቱ አቋርጠዋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከወጣ፣ የማን ልጆች እንደሆኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይታወቃል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ አደጋ አለ፤ ተማሪ ሊያቋርጥ እንደሚችል የሚተነብዩ ሶፍትዌሮች። በ2021 ዘ ማርክአፕ የተባለው የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም እንደዘገበው፣ በርካታ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ዘርን ለትንበያው እንደ ግብአት ሲጠቀሙ፣ ጥቁር ተማሪዎች ከነጮቹ በእጅጉ በላቀ መጠን «ከፍተኛ ስጋት ያለበት» የሚል ምልክት ይወጣላቸው ነበር። ያን ምልክት በስክሪኑ ላይ ያየ አማካሪ ለተማሪው ቀለል ያለ ሜጀር ቢመክር፣ ያለፈው በደል ምክር ተብሎ ተመልሶ ይመጣል። ደንቡ ይህ ይሁን፦ ዘር ተቋሙን ለመመርመር ይግባ፤ ተማሪውን ለመመዘን አይግባ። የትንበያ ሥርዓት ካለ ዘርን ከግብአቱ አውጥተው፣ ትንበያው በየቡድኑ ምን ያህል እንደሚሳሳት ለመፈተሽ ግን ይጠቀሙበት።

ሰባተኛ፦ በሩን ያስተካክሉ፤ ከዚያ እንደገና ይቁጠሩ

ይህ ሁሉ ቁጥር ለውጥ ማምጣቱን ለሚጠራጠር፣ በአትላንታ ያለው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በቂ ምሳሌ ነው። በ2003 የስድስት ዓመት የምረቃ መጠኑ 32 በመቶ ነበር፤ የጥቁር ተማሪዎች 29፣ የላቲኖ ተማሪዎች 22 በመቶ። ዩኒቨርሲቲው በሮቹን መፈተሽ ጀመረ። በየሴሚስተሩ ከአንድ ሺህ በላይ ተማሪዎች ክፍያ ባለማጠናቀቃቸው ከምዝገባ እንደሚሰረዙ፣ ብዙዎቹም የጎደላቸው ጥቂት መቶ ዶላር እንደሆነ አየ። በ2011 የጎደለውን የሚሞላ አነስተኛ ድጎማ ጀመረ፤ አማካዩ 900 ዶላር ገደማ ነበር፤ ተማሪው ማመልከቻ እስኪያስገባ ሳይጠበቅም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ለይቶ ይሰጥ ነበር። በ2012 ከ800 በላይ የማስጠንቀቂያ ምልክቶችን በየቀኑ የሚከታተል የአማካሪዎች ሥርዓት ዘረጋ፤ ለምሳሌ ለሜጀሩ የማይቆጠር ኮርስ የተመዘገበ ተማሪ በቶሎ ይጠራል። በ2016 ደግሞ ተቀባይነት አግኝተው በክረምቱ ሳይመዘገቡ የሚቀሩትን ለመቀነስ የተማሪዎችን ጥያቄ በስልክ መልእክት የሚመልስ ሮቦት ጀመረ፤ ያ ኪሳራ በአምስተኛ ያህል ቀነሰ። በአሥር ዓመት ገደማ የምረቃው መጠን ከ50 በመቶ በላይ ሲወጣ፣ የጥቁርና የላቲኖ ተማሪዎች የምረቃ መጠን ከዩኒቨርሲቲው አጠቃላይ መጠን ጋር እኩል ወይም በላይ ሆነ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለመጨረሻው ተቃውሞ መልስ አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 ዘርን በመግቢያ ውሳኔ ላይ መጠቀምን ካገደ ወዲህ፣ ብዙ አስተዳዳሪዎች የዘር መረጃን መንካት ፈርተዋል። ፍርዱ የተሰጠው በመግቢያ ምርጫ ላይ ነው፤ የምረቃን መጠን በዘር የማሳወቁን ግዴታ አላነሳም። ጆርጂያ ስቴት ያስተካከላቸው ዋና ዋና በሮችም ለሁሉም ተማሪ የተከፈቱ ነበሩ፤ ሒሳብ የጎደለው ሁሉ ሊታገዝ፣ የተሳሳተ ኮርስ የያዘ ሁሉ ሊጠራ ይችላል። መረጃው በሩን አሳየ፤ የተስተካከለው በር ግን ለሁሉም ነው። በአንድ ቡድን ላይ ጎልቶ የታየው ችግር በሌሎችም ላይ ነበረ፤ እነሱ ላይ ያን ያህል ስላልከበደ ግን አልታየም። ሕጉ እየተለዋወጠ ስለሆነ ማንኛውንም ፕሮግራም ከመጀመርዎ በፊት ከዩኒቨርሲቲው ጠበቃ ጋር ይምከሩ፤ ሕግን መፍራት ግን ላለመቁጠር ምክንያት አይሁን።

አንድ በር ካስተካከሉ በኋላ በቀጣዩ ባች ላይ በዚያው በር፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ቀመር እንደገና ይቁጠሩ። ልዩነቱ ከጠበበ ለአስተዳደሩ ያስታውቁና ወደሚቀጥለው በር ይሂዱ። ካልጠበበ እርምጃው ትክክል አልነበረም ማለት ነው፤ ይህንንም በግልጽ ይጻፉ። የሠሩትን ሰንጠረዥ በዓመት አንድ ጊዜ ለተማሪዎቹ ራሳቸው ያቅርቡ፤ ማንነታቸውን በአደራ የሰጡት እነሱ ናቸውና አደራው ምን ላይ እንደዋለ የማወቅ መብት አላቸው።

የማኅበረሰባችን አባል ሆነው ይህን የሚያነቡ ከሆነ፣ ልጅዎ በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የመጀመሪያ ዓመት ቆይታ በዘርና በዝርዝር ብሔረሰብ ተለይቶ ይሰላል ወይ? ባለፈው ዓመት ተማሪ የጠፋበት በር የትኛው ነው? ያን በር ለማስተካከል ምን ተደረገ? ለልጅዎ ደግሞ ኢትዮጵያዊ የሚለውን ሳጥን ቢመርጥ ምን እንደሚከተልና ምን እንደማይከተል ያስረዱት፤ ውሳኔው ግን የእሱ ይሁን። በዩኒቨርሲቲው የሚሠሩ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ፎል የቆጠራ ቀን ከመድረሱ በፊት ባቹን የሚቆልፈውን ፋይል ዛሬ ያዘጋጁ።